ጫማ የቆጠርኩበት ክረምት

ዘመኑን አትጠይቁኝ። ዓመተ ምሕረት መያዝ ድሮም አልሆነልኝም፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የገዛ ልጆቻችን የተወለዱበትን ቀን እንኳ የሚያስታውሰኝ እሱ ነበር። የኮንጎ ጫማ ዋጋ ግን እስከ ሳንቲሙ ትዝ ይለኛል። የልጅ ሰማያዊው ሦስት ብር ከሃምሳ ነበር፤ ነጩ ቶሎ ይቆሽሻል ተብሎ ከዚያ ስሙኒ ዝቅ ይላል። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወርዶ፣ ከግመሉና ከፍየሉ መሀል ተጋፍቶ የሚከራከር ሰው ደግሞ በሦስት ብር ይዞ ይመለሳል። አዲስ ሳለ የሚሸተው ሽታ አለ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ላስቲክም ዘይትም የሚመስል ሽታ። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በወጣችበት በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ያ ሽታ ከተደረደሩት የልጆች ጫማዎች ተነሥቶ አፍንጫዬ ገባና ጣቴ ሳላዝዘው ጫማዎቹን መቁጠር ጀመረ።

በሩ ላይ ያስቀመጡኝ ወጣቶቹ ናቸው። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ቤቴ ድረስ መጥተው «እትዬ ትርንጎ፣ የክረምቱን የሕፃናት መርሐ ግብር ልንጀምር ነው፤ ድሮ የሚመሩት እርስዎ ነበሩ ይባላል፤ አብረውን ይሁኑ» አሉኝ። ዐይኔም ጆሮዬም ደክሟል ብዬ ላመልጥ ስል፣ ቤዛ የምትባለው አስተባባሪያቸው «ግድ የለም፣ በር ላይ ብቻ ቁጭ ይበሉልን፤ ልጆቹ ትልቅ ሰው ሲያዩ ይረጋጋሉ» አለች። ልጅት ምን ታድርግ፣ አታውቅም። ያ በር ለእኔ ምን እንደሆነ ቢገባት ኖሮ በዚህ ዕድሜዬ ገመድ ዝለይልን ብትለኝ ይሻላት ነበር።

ዛሬ ሁሉ ነገር ተሻሽሏል። የአዳራሹ ወለል ሴራሚክ ነው፤ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ፊኛ አለ፤ ልጆቹ አንገታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ካርድ ይንጠለጠልላቸዋል። ቤዛ በስልኳ ስም ትጠራለች፤ የቀረ ልጅ ካለ ለእናቱ ወዲያው መልእክት ይደርሳታል። መዝሙሩ፣ ጭውውቱ፣ ጥያቄና መልሱ፣ የጆንያ ሩጫው አንድም ሳይዛነፍ በሰዓቱ ይሄዳል። እኔ ብቻ ነኝ ሥርዓት የማበላሸው። ልጆቹ ወጥተው ሲያልቁ፣ ቤዛ ቁልፉን ይዛ ስትጠብቀኝ፣ እኔ ተመልሼ እገባለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ አያለሁ፣ ከወንበሮቹ ሥር ጎንበስ እላለሁ፣ ከበሮዎቹ ከተደረደሩበት ጥግ ሄጄ እቆማለሁ። ከዚያ ባዶውን አዳራሽ «የቀረ ሰው አለ?» ብዬ እጣራለሁ። «ኧረ እትዬ፣ ማንም የለም፤ ሁሉንም ስልኬ ላይ አይቻለሁ» ትለኛለች። ልጆቹማ በቀደም አንዱ ነጠላ አጣፍቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ «የቀረ ሰው አለ?» እያለ ሲያስመስለኝ ያዝኩት። ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት ነውና አብሬያቸው ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ፈሪ ሴት ነኝ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበርኩም። እዚህ ከሚሴ የመጣሁት ባለቤቴ ግብርና ቢሮ ተመድቦ ነው፤ ሙሽራ ነበርኩ፤ ሙቀቱን ጠልቼ ትንኙን ረግሜ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላኝ ግን አገሬ አደረግሁት። ያኔ ከተማዋ አንድ አስፋልት ነበረች። የደሴ መኪና ሲመጣ ሁሉም ከቤቱ ብቅ ይላል። መናኸሪያው ጥግ ላይ ሁለት ሻይ ቤቶች ፊት ለፊት ተያይተው፣ የአንዱ ሬዲዮ አማርኛ የሌላው ኦሮምኛ እያዜመ፣ መሀል ላይ የቆመ ሰው ከሁለቱም እየቆነጠረ ይሄዳል። ወንዶቹ ቴትሮን ሱሪ ከታች ሰፋ አድርገው ያሰፋሉ፤ እኛ ሴቶቹ የአበባ ጉርድ ቀሚስ ለብሰን ነጠላችንን ጣል እናደርጋለን። ሴት ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ እስላሞች ነበሩ፤ ጠዋት «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ብለው ይቀሰቅሱኛል፣ እኔም የተማርኳትን አንዲት ኦሮምኛ አጣምሜ ስመልስ ይስቁብኛል። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋና ልጆች መንገዱን ይሞሉታል። ከጭነት መኪና ኋላ መንጠልጠል ነው፣ ጎርፍ ውስጥ መንቦጫረቅ ነው፣ ሥራቸው ይኸው ነበር።

መምህር ጌታሁን የሚባል፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ የሆነ ቀጭን ሰው፣ አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ «ለምን አዳራሹ ውስጥ ክረምቱን አንሰበስባቸውም?» አለ። እንዲህ ተጀመረ። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ነበር። እሱ ንባብና መዝሙር ያስተምራል፤ እኔ ጨዋታውንና ዳቦውን እይዛለሁ። ድብብቆሽ፣ ሱዚ፣ ገመድ ጉተታ፣ የጆንያ ሩጫ፤ ያሸነፈ እርሳስ ይሸለማል። ሃምሳ ልጅ አንድ ላይ ሲስቅ የቆርቆሮው ጣሪያ የሚነሣ ነበር የሚመስለው። ስንት ዓመት አልፎም፣ በሕይወቴ ደስ ያለኝ መቼ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያንን የክረምት አዳራሽ እላለሁ። ለዚህ ነው የሚቆጨኝ።

አስቸጋሪው ነገር ቆጠራ ሆነ። መምህር ጌታሁን ልጆቹ ሲገቡም ሲወጡም እየቆጠርን እናመሳክር አለ። እናቶች ይህን ሲሰሙ ተነሡበት። አገሩን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ልጅ አይቆጠርም። ስንት ልጅ አለሽ ስትባል «እግዜር የሰጠኝ» ትላለች እንጂ ቁጥር አትጠራም፤ እስላሟም «አላህ የሰጠኝ» ነው የምትለው። ጣት እየቀሰሩ አንድ ሁለት ማለት ዐይን መጥራት ነው፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። ከሁሉ ብሳ የተቆጣችው ወርቄ ነበረች። ወርቄ መናኸሪያው አጠገብ ፉልና ሻይ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ እስከ አስፋልቱ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። የሺ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት፤ ከየሺ በታች አንድ ወንድ ወልዳ በኩፍኝ ሞቶባት፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ወንድ ስታገኝ ምትኩ አለችው። ገና አራት ዓመቱ ነበር። «መምህር ሙት፣ የኔን ልጆች በጣትህ እንዳትጠራብኝ! አንዱን ቆጥረውብኝ ነው ያጣሁት» አለችው። መምህሩ የከተማ ትምህርት የቀመሰ ነውና ሊያስረዳት ሞከረ። ወርቄን ማስረዳት ያቃተው የመጀመሪያው ሰው እሱ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው እኔ ብልጥ የሆንኩት። አዳራሹ ወለሉ አፈር ነበርና አንድ ምእመን የሰጡን ሰሌን ተነጥፎበት ነበር፤ ጭቃ እንዳይነካው ልጆቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነው የሚገቡት። «ልጆቹን ለምን እንቆጥራለን፤ ጫማቸውን ብንቆጥርስ?» አልኩ። ወርቄ ራሷ ሳቀች። «እሱስ ይሁን፤ ጫማ ዐይን አይገባው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ላይ እንደ ሹም ቆሜ ጥንድ ጥንዱን አስተካክዬ እደረድራለሁ፣ አርባ ሰባት፣ ሃምሳ አንድ፣ እያልኩ። ሲወጡ አንድ ጫማ ካልቀረ ልጅ አልቀረም ማለት ነው። መምህር ጌታሁን «እትዬ ትርንጎ፣ ሚኒስትር መሆን ነበረብሽ» አለኝ። እኔም አመንኩት። ቁልፉን በክር አስሬ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፤ ስሄድ ደረቴ ላይ ሲንቀጫቀጭ ደስ ይለኝ ነበር።

ምትኩ ከተመዘገቡት ውስጥ አልነበረም። ከሰባት ዓመት በታች አንቀበልም ብለን ነበር። ወርቄ ግን የሺን «ወንድምሽን ካልያዝሽ አትሄጂም» ትላታለች፤ እሷ ከፉል ድስቷ ጋር ናት፣ ማን ይያዘው? የሺም ታዝለው ትመጣለች። ጭቃው ጉልበት ድረስ ነውና በእግሩ አይመጣም። እኔ ዐይቼ እንዳላየሁ አልፋቸው ጀመር። ከኋላ፣ ከበሮዎቹ ጋ፣ ነጠላ አንጥፋለት ይቀመጣል። ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ከበሮውን በመዳፉ ዳሰስ ዳሰስ ያደርግና እኔን ያየኛል፤ ካልተቆጣሁት አንዴ ጠብ ያደርገዋል። ከዚያ ይተኛል። ሲያልቅ የሺ ከነእንቅልፉ ታዝለዋለች። ቆይተን ሁላችንም ለመድነው፤ እንደ አዳራሹ ዕቃ ሆነ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ለቡሄ ሰሞን የምናሳየው ጭውውት ነበረና የንጉሡ ካባ ልብስ ሰፊው ጋሽ ከማል ዘንድ ነበር፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በነፃ ነው የሰፋልን። የጋሽ ከማል ቤት ከደረቁ ወንዝ ማዶ ነው። ደረቁ ወንዝ የምንለው በጋ ላይ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ክረምት ላይ ግን ደጋው ሲዘንብ ሳያስጠነቅቅ የሚሞላ አሸዋ ነው። ልምምዱ እንዳይቋረጥ ብዬ የሺን ጠራኋትና «ሮጠሽ ካባውን አምጪልኝ» አልኳት። ፈጣን ልጅ ስለነበረች ነው የመረጥኳት። ጫማዋን አጥልቃ በረረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

የሺ ከሄደች ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ ጠቆረ። እኛ ዘንድ ገና ጠብ አላለም፤ ወደ ደጋው በኩል ግን ይጮኻል። መምህር ጌታሁን «ጎርፉ ሳይቀድመን ልጆቹን እንስደድ» አለ። እልል እያሉ ወጡ፤ ልጅ ትምህርት ሲቋረጥ የማይደሰትበት አገር የለም። በሩ ላይ ቆሜ ጫማቸውን ሲያደርጉ አየሁ። አንድ ጥንድ አልቀረም። ሰሌኑ ላይ በዚያ ጥቁረት ምን እንደነበር አላየሁም፤ ለምን አያለሁ? ቆጥሬያለሁ። በሩን ገጥሜ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዙሬ፣ አንገቴ ላይ መልሼ ወደ ቤቴ ገሠገሥኩ።

ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ጩኸቱን ሰማሁ። ያ ያልኳችሁ የወርቄ ድምፅ ነው። ሮጬ ደረስኩ፤ ደረቁ ወንዝ ሞልቶ፣ ቡናማ ውሃ ግንድና የሞተ ፍየል ይዞ ይወርዳል። ማዶ ላይ የሺ ቆማለች። ካባውን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ታለቅሳለች፤ አፏ ሲከፈት ሲዘጋ ይታያል እንጂ በጎርፉ ጩኸት አንዲት ቃል አይሰማም። ጀርባዋ ላይ ደግሞ ማንም የለም። ወርቄ ከዚህ በኩል ሁለት ሰዎች ይዘዋት «ልጄ! ልጄን ጣለችው! ምትኬን ውሃ በላብኝ!» ትላለች። እኔን ስታይ ከሰዎቹ እጅ አመለጠችና ጉልበቴን ያዘች።

«ትርንጎ፣ ከአዳራሹ ቀርቶ ይሆን? ቀርቶ ይሆናል በይኝ እባክሽ!»

ማተቤን ጨብጬ፣ «ወርቄዬ፣ በማተቤ እምልልሻለሁ፣ አንድ ጫማ አልቀረም! በእጄ ነው የቆለፍኩት» አልኳት። ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ እርግጠኛ ሆኜ ነው። ማተቤን የጨበጠው እጄ ቁልፉንም አብሮ ጨብጦ ነበር።

እንግዲህ የመጨረሻ ተስፋዋን እኔ ነኝ የነጠቅኋት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ወደ ወንዙ ዞረ። መስጊድ የነበሩት ወንዶች ወጡ፤ ገመድ ያለው ገመድ፣ ረጅም እንጨት ያለው እንጨት ይዞ መጣ። ከጨፋ ሮቢት እህል ሸጠው የሚመለሱ ገበሬዎች አህያቸውን ጥለው ገቡ። በሁለቱ ዳርቻ «ይሄውና! ይሄውና!» እየተባለ ስንት ጊዜ ተሮጠ፤ አንዴ ጆንያ ነው፣ አንዴ የቅል ስባሪ ነው። እኔ ከወርቄ ጎን ጭቃ ላይ ተቀምጬ ወገቧን ይዣለሁ። ልቤ ያቺን ልጅ ማን ላካት፣ ማን ላካት ይለኛል። ቤቴ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ በልተው ይሁን ተርበው አላስታወስኳቸውም። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ። ዝናቡ እኛም ላይ ወረደ።

አባ ሙሄ የሚባሉ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ሸንቃጣ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከሰንበቴ ባቲ ከብት ሲነዱ የጨረሱ። እስከ ወገባቸው ርሰው ከውሃው ወጡና አጠገባችን ቁጢጥ አሉ።

«አብሽሪ፣ ያ ኢንተላ፣ አብሽሪ፤ አይዞሽ ልጄ» አሏት ወርቄን። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ሲወጣ አይተሽዋል አንቺ?»

«አባ፣ አንድ ጫማ አልቀረም እኮ!»

«ስለ ጫማ አይደለም የጠየቅሁሽ። ልጁን አይተሽዋል?»

«ጫማውን ነው የምንቆጥረው…»

ወደ ወርቄ ዞረው ጠየቋት። «ልጅሽ ጫማ አለው እንዴ?»

ወርቄ ማልቀሷን አቆመች። «ጫማ ምን ያደርግለታል፣ አባ፤ እሷ ናት እኮ የምታዝለው።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ። «እኛ እንኳ ከብት ስንነዳ በዱካ ቆጥረን አንሄድም፤ በጀርባ የተጫነው ግልገል ዱካ የለውም። ተነሺ፣ ቁልፉ የታለ?» አሉ።

እጄ ደረቴ ላይ ነበር።

ከወንዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሮጥኩት አላውቅም። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም፤ ቀይ ጥለት ያለው የሠርጌ ነጠላ ነበር፣ አንድ የሮቢት ገበሬ በማግስቱ አጥቦ አመጣልኝ። ወርቄ ቀድማኛለች፤ በሩን በግንባሯ ትመታለች። ቁልፉ ቀዳዳውን አልገባ አለኝ፤ አባ ሙሄ ከእጄ ወስደው ከፈቱት። ውስጡ ድቅድቅ ብሏል። ድምፅ የለም። ያቺ ድምፅ የሌለባት ጊዜ፣ ልበ ሙሉ የነበረችው ትርንጎ ያለቀችው በዚያች ጊዜ ነው።

ከበሮው ላይ ተደፍቶ አገኘነው። ተኝቶ ነበር። ጉንጩ ላይ እንባና ንፍጥ ደርቋል፤ መዳፎቹ ቀልተው አብጠዋል። ዘበኛው ጋሽ ደምሴ ፋኖሱን ከኋላችን ይዞ ቆሞ፣ «እኔ እኮ ከበሮ ሲመታ ሰምቻለሁ፤ ለረጅም ሰዓት ነው የተመታው፤ ልምምድ ላይ ናችሁ ብዬ…» አለ። ዝምተኛ ልጅ ነበር ብያችኋለሁ። ተጣርቶ የማያውቅ ልጅ ነው፤ በሚያውቀው ነገር ተጣራ። ወርቄ ስታነሣው ዐይኑን ከፈተና እኔን አየኝ። እንደ ሁልጊዜው ፊቴን አየ፤ ከበሮውን በመምታቱ እቆጣው እንደሆነ ሊያውቅ ነው። አባ ሙሄ «አልሀምዱሊላህ፣ አልሀምዱሊላህ» እያሉ እደጁ ላይ ተቀመጡ። የሺን ጎርፉ ሲቀንስ በገመድ አሻግረው አመጧት። «ከበሮው ጋ ተኝቷል እያልኩ እየጮኽኩ ነበር እኮ፤ ማንም አልሰማኝ» አለች። ካባው አንድ ቦታ እንኳ አልረጠበም፤ ከራሷ አውርዳ ብብቷ ውስጥ ሸሽጋው ነበር።

በማግስቱ ቁልፉን ለመምህር ጌታሁን መለስኩለት። ከእንግዲህ የሰው ልጅ አልይዝም አልኩት። ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ወርቄ መንገድ ላይ ብታየኝ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ ጎመን ለመግዛት እንኳ ልጄን መላክ ጀመርኩ። ሰኞ ከሰዓት መምህሩ ደጄ መጥቶ «ልጆቹ በር ላይ ቆመው አንቺን እየጠበቁ ነው፤ አንቺ ካልመጣሽ አልከፍትም» ብሎ ጎትቶ ወሰደኝ። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ እኔ ዐይኔን ወደ መሬት አድርጌያለሁ። ያን ጊዜ ወርቄ መጣች። ምትኩን አላዘለችውም። እጁን ይዛ፣ በዚያ ጭቃ በእግሩ እያስኬደች ነው። እግሩ ላይ ሰማያዊ ኮንጎ አለ፣ እሑድ ሰንበቴ ወርዳ የገዛችው፤ እንዲያድግበት ብላ በሁለት ጣት የሰፋ። አስቀምጣ አወለቀችለትና ከጫማዎቹ ሰልፍ መጀመሪያ ላይ አኖረችው።

«ይኸው» አለችኝ። ልጁን በስም ጠርታ እንኳ ለሰው የማታሳይ ሴት፣ ራሷ በጣቷ ወደ እሱ አመለከተች። «እሱንም ቁጠሪው።»

አቅፋኝ አላለቀሰችም፤ ይቅርታም አላነሣችም፤ ፉሉ እንዳያርርባት ቸኩላ ሄደች። እኔም ቆጠርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማውንም ልጆቹንም ነው የቆጠርኩት፤ እናቶችም አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ከዚያ በኋላ ስንት ነገር ሆነ። መምህር ጌታሁን ተዛወረ፤ አባ ሙሄም አረፉ፤ መርሐ ግብሩ ተቋርጦ ስንት ክረምት አለፈ። ይህች ከተማም ሰው ልጁን ጉያው ሸሽጎ በሩን የዘጋበትን ክፉ ቀን አይታለች፤ እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው። ወርቄ ካረፈች አራተኛ ዓመቷ ነው። ስትታመም ሄጄ ጠይቄያታለሁ፤ የዚያን ቀን ነገር ግን እሷም አላነሣችው፣ እኔም አልደፈርኩ። ሁልጊዜ የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ አድጎ ሲሰማ ምን ይለኝ ይሆን? ከተማ ትንሽ ናት። ምትኩ ኮምቦልቻ ሠርቶ ተመልሶ ባጃጅ ገዝቷል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ አቁሞ ያሳፍረኛል፣ «ሂሳብ የለም» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ማጅራቱን እያየሁ፣ ያውቃል ወይስ አያውቅም እያልኩ ቤቴ እደርሳለሁ።

ዘንድሮ ሴት ልጁን ለክረምቱ አስመዘገባት። ሶልያና ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንደ አባቷ ዝምተኛ ናት። መጀመሪያ ያመጣት ቀን በሩ ላይ ሲያየኝ ፊቱ በራ። «እርስዎ ካሉማ አልሰጋም» አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐይኔን ከእሷ አላነሣሁም። ሌሎቹን ልጆች አንዴ ካየሁ እሷን ሦስቴ አያለሁ። ውሃ ልትጠጣ ስትነሣ እነሣለሁ። ቤዛ «እትዬ፣ ዘመድዎ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ባለፈው ዓርብ ዝናብ ሆነ። ልጆቹ ወጡ፤ ሶልያና አባቷ እስኪመጣ ከቤዛ ጋር በረንዳው ላይ ቆማለች። እኔ እንደ ልማዴ ተመልሼ ገባሁ። ከመጋረጃው ጀርባ አየሁ፤ ከበሮዎቹ ጋ ሄጄ ቆምኩ። «የቀረ ሰው አለ?» ብዬ ተጣራሁ። ዞር ስል ምትኩ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነው፤ ልጁን ጀርባው ላይ አዝሏታል።

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚጣሩት እትዬ?» አለኝ እየሳቀ። «ሶልያና ቤት መጥታ ትነግረናለች።»

ከዚህ በላይ ልሸከመው አልቻልኩም። በአርባ ዓመት ያልተነገረ ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «ምትኩ፣ ልጄ፣ ያኔ በጎርፉ ቀን እዚህ ውስጥ የቆለፍኩብህ እኔ ነኝ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። ለእናትህ የለም ብዬ የማልኩላትም እኔ ነኝ።»

ሳቁን አቆመ። ከበሮዎቹ ድረስ መጥቶ አያቸው። ልጁን ጀርባው ላይ አመቻቸና፣

«እማዬ እንደዚያ አይደለም የነገረችኝ» አለ። «"ሕፃን ሆነህ እዚህ ጨለማ ውስጥ ቀርተህ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ወንዝ ለወንዝ ሲፈልግህ፣ ዝናብ ላይ ሮጣ፣ ነጠላዋን ጥላ መጥታ በሩን የከፈተችልህ ትርንጎ ናት" ብላ ነው ያሳደገችኝ። ባጃጁን የገዛሁ ቀን ራሱ "ትርንጎን ካየህ ሳትጭን እንዳታልፍ" ብላኛለች።»

እኔ ከበሮዎቹ አጠገብ ተቀመጥኩ። በሩን የከፈቱት አባ ሙሄ ናቸው ልለው ብዬ ተውኩት። ወርቄ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ቀን ከኔ ላይ ስታነሣልኝ ኖራ፣ እኔ ሳላውቅ ብቻዬን ተሸክሜው ኖርኩ። ሶልያና ከአባቷ ጀርባ ሆና አየችኝ፤ ፊቴን እያነበበች ነው። ከዚያ ከጀርባው ተንሸራታ ወርዳ ከበሮውን አንዴ ጠብ አደረገችው።

አልተቆጣኋትም። ምትኩ «እንሂድ እትዬ፣ ዝናቡ ሳይብስ» አለኝ። ቤዛ ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ትጠብቃለች። ወጣሁና፣ ጫማዬን አደረግሁና፣ አንድ እርምጃ ሄድኩና፣ ተመልሼ ገባሁ። ይቅር በይኝ ወርቄ፣ እሱን ልማድ ልተወው አልችልም። አዳራሹን አንዴ ተጣራሁ። ማንም አልመለሰም፤ ቁልፉን ከቤዛ ተቀብዬ በሩን በእጄ ቆለፍኩት።